ዋሴ የላጠው ብረት

በገንዳ ውሃ የዋሴን ቶርኖ ቤት የሚፈልግ ሰው ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። በሩ አጠገብ ክራንክ ሻፍት የሚሉት አንድ የትራክተር ሞተር ዘንግ በሽቦ ታስሮ እንደ ሥጋ ቤት ሽንጥ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ በነጭ ቀለም «ዘይት የማያይ ሹፌር ሥራ» የሚል ተጽፎበታል። የጻፈው ራሱ ዋሴ ነው። የእጅ ጽሑፉ አያምርም፤ መልእክቱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ግልጽ ነበር።

ዋሴ ከደባት ወገን የወረደ ሰው ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሰሊጥ ሊያጭድ ኮኪት መጣ። ሁለት መኸር አጨደ፤ በሦስተኛው ወባ ጣለችውና ሲነሳ ማጭዱ ከበደው። ወደ ደጋ ተመልሶ አዘዞ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጠረ፤ መጀመሪያ ወለል ጠረገ፣ ቀጥሎ ብረት አጠበ፣ በሰባተኛው ዓመት ከአሠሪው የተሻለ ቆራጭ ሆነ። ከዚያ ገንዳ ውሃ ላይ የራሱን ማሽን ተከለ። በዚያ ቆላ ትራክተር ያለው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደጅ ጠንቶታል። ሥራውን የሚጠሉት ሰዎች እንኳ አይክዱትም። የሚጠሉት ደግሞ ጥቂት አልነበሩም፤ ዋሴ ማወቁን ለብቻው ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይደለማ። ሹፌር ቀርቦ ሞተሩ ምን እንደሆነ ሊያስረዳው ሲሞክር ፊቱን ያዞራል። «እኔ ሰው አልጠይቅም፤ ብረቱን ነው የምጠይቀው» ይላል።

የተንጠለጠለው ብረት ነገር እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ የኮኪቱ ባለ ሰሊጥ አቶ ፈረደ የትራክተራቸውን ሞተር አስፈቱ። ክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚና በሚባለው ማቀፊያው ላይ ተቀምጦ የሚሽከረከርባቸው አንገቶች ትንሽ ተቧጭረው ተገኙ። ዋሴ አገላብጦ አያቸው። ብረቱ እሱ እንደለመደው አያበራም፤ ግራጫ ነው፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። «ይሄ ዕቃ መጋዘን ከርሞ ቆሽሿል» አለና ማሽኑ ላይ አሰረው። ከአንገቶቹ ዙሪያ ሩብ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ልጦ አነሳ። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ እስኪያብለጨልጭ ወለወለው። አቶ ፈረደ ጎንበስ ብለው ጢማቸውን አዩበትና ተደሰቱ። በዚያ አገር ጥሩ ሥራ የሚባለው ፊት የሚያሳይ ሥራ ነው።

ትራክተሩ አሥራ አንድ ቀን አረሰ። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ገብቶ መሬቱ ለዘር ሲደርስ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረና ቀጥ አለ። ሲፈታ አንገቶቹ ተበልተዋል። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጥ እህል አይደለም፤ የአቶ ፈረደ ግማሽ መሬት በዚያ ዓመት ጦም አደረ።

ጥፋተኛ ይፈለግ ተባለ፤ ጣት ሁሉ ወደ ሹፌሩ ዞረ። ለይኩን ይባላል፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ግድም የሆነው፣ ቁጥብ፣ ጠዋት ጠዋት የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ ሳያይ ቁልፍ የማያዞር ሰው ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ለይኩን ማርያም ደጃፍ ቆሞ «የዚያን ዕለት ጠዋት ዘይቱን አይቻለሁ፤ ሙሉ ነበር» ብሎ ማለ። ቀጥሎ ዋሴ ተጠራ። ክራንክ ሻፍቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገና «ዘይት አጥቶ ነው። የእኔ ሥራ ከሆነ እጄን ቁረጡት» አለ። የባለሙያ ቃል ነውና ከመሐላው ከበደ። ለይኩን ከሥራው ወጣ። ሥራ ያጣ ሰው ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ማርያም ደጃፍ በሐሰት ማለ የተባለን ሰው ግን ማንም ትራክተር ላይ አያስቀምጠውም። ሚስቱን አይናዲስን ይዞ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄደ። ዋሴም ብረቱን ለሹፌሮች ትምህርት ይሁን ብሎ በሩ ላይ ሰቀለው።

የሱዳን ጦርነት ባይመጣ ነገሩ በዚሁ በቀረ ነበር። ከወድ መደኒ ሸሽተው በገላባት ድንበር ከተሻገሩት ሰዎች አንዱ አብዱረሕማን የሚባል መካኒክ ነበር፤ ዕድሜውን በእርሻ ሞተር ጥገና የፈጀ፣ በአንድ እጁ የልብሱን ከረጢት በሌላው የመፍቻውን ሣጥን ይዞ የመጣ። ሥራ ፍለጋ ዋሴ ዘንድ ደረሰ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ በሩ ላይ ያለው ብረት ላይ ቀረ።

«ያ ኡስታ፣ ይሄ ምን ሆነ?» አለ። ሱዳኖቹ የሙያ አለቃን ኡስታ ይላሉ፤ ዋሴ ሲባል ደስ ይለዋል።

«ሹፌሩ ዘይት አላየም።»

«ታዲያ ሰማያዊው የት አለ?»

ዋሴ ተነሥቶ ወደ ብረቱ ቀረበ። ዘይት አጥቶ የተቃጠለ አንገት ሰማያዊ እንደሚሆን ያውቃል። ያን ጊዜም ሰማያዊ እንዳልነበረ በዓይኑ አይቷል። ሰው አልጠይቅም የሚለው ሰው ብረቱንም አልጠየቀውም ነበር።

አብዱረሕማን ሞረድ አስመጣ። ማሽን ያልነካውን ግራጫውን ጎን ሞረደው፤ ሞረዱ ተንሸራተተ፣ ጭረት እንኳ አልተወም። ቀጥሎ ዋሴ የወለወለውን አንገት ሞረደው፤ ያኔ ሞረዱ ነከሰ፤ የብረት ብናኝ መሬት ላይ ወረደ።

«አንድ ብረት ነው» አለ፤ «አንዱ ቆዳው፣ አንዱ ሥጋው።»

ከዚያ በተሰባበረ አማርኛው አስረዳ። አንዳንዱ ክራንክ ሻፍት ተሠርቶ ሲያልቅ በተዘጋ እቶን ውስጥ ይገባል። ብረቱ ሳይቀላ፣ አምስት መቶ ዲግሪ ግድም ይሞቅና አሞኒያ ይለቀቅበታል። በጋዙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ቀስ እያለ ወደ ብረቱ ይሰርጋል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ የሚጠነክረው ቆዳ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ የሚያህል ነው፤ ያን ቆዳ ግን ሞረድም አይበላውም። ውስጡ እንደነበረ ስለሚቀር ብረቱ ቢንገጫገጭም አይሰበርም። ግራጫው ቀለም ቆሻሻ ሳይሆን የእቶኑ ምልክት ነው። እሱን የላጠ ሰው መልሶ እቶን ማስገባት አለበት።

«እቶኑ የት ይገኛል?» አለ ዋሴ።

«እኛ ዘንድ አንድ ነበር። አሁን አላህ ያውቃል።»

ዋሴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የገዛ አውራ ጣቱን አየ። አፈረ። አብዱረሕማን ለይኩን የሚባል ሰው መኖሩንም አያውቅም፤ ብረቱን አውርዶ ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ቢወረውረው ጠያቂ የለበትም። ዋሴ ይህንም አሰበ፤ ሦስት ቀን አሰበበት። የሚኖርበት ስም የተሠራው ሁሉን አውቃለሁ በሚለው በዚያው አፉ ነው፤ ያ ስም ቢሄድ ደንበኛው ምን ይላል? በአራተኛው ቀን ሽቦውን ቆረጠ፣ ብረቱን በጆንያ ጠቀለለ፣ ለይኩን ወዳለበት ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ አስጫነ። የሚኒባሱ ረዳት ጥቅሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ «አባቴ፣ ይሄ ሰው ነው ዕቃ?» አለው።

ለይኩንን ጉምሩኩ አካባቢ ከከባድ መኪና ላይ ጆንያ ሲያወርድ አገኘው። ከስቷል። ዋሴን ሲያይ የተሸከመውን አስቀምጦ እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ «ጋሽ ዋሴ፣ እንዴት ሰነበቱ» አለ። ያ አክብሮት ዋሴን ከስድብ በላይ አሳመመው። ብረቱን ፈታና ሞረዱን ሰጠው።

«እዚህ ሞርድ። አሁን ደግሞ እዚህ።»

ለይኩን ሞረደ። እዚያ ተንሸራተተ፣ እዚህ ነከሰ። ደገመው።

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«ጠንካራ ቆዳ ነበረው፤ እኔ ላጥኩት። አንተ ዘይቱን አይተሃል።»

ዋሴ ለስድብ ተዘጋጅቷል፤ ጡጫም ቢመጣ ሊቀበል ወስኖ ነው የመጣው። ለይኩን ግን ጆንያው ላይ ቁጭ አለና «ኧረ አላየሁም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ረስቼ ነው። ለንስሐ አባቴም ተናግሬያለሁ። በሐሰት ስለማልኩ አርባ ቀን ስገድ ብለውኝ ሰግጃለሁ።»

«ሰማያዊ የለውም፤ ተመልከተው! ዘይት ነበረው። አይተሃል እኮ፣ ለይኩን።»

ለይኩን ብረቱን ለረጅም ጊዜ አየው። «መጀመሪያ ሰሞን አይቻለሁ እል ነበር» አለ። «አይናዲስ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ያን የመሰለ ባለሙያ ይዋሻል ወይ፣ ረሳሁ በልና ይውጣልህ ትለኛለች። አንድ ቀን ረሳሁ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ያን ጠዋት ሳስበው መለኪያውን ማውጣቴም አለማውጣቴም ጠፋብኝ።» ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። «ለእሷ ይንገሩልኝ።»

አይናዲስ ግቢው ውስጥ ማሽላ ታበጥር ነበር። ዋሴ ያመጣውን ብረት መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ቆሞ ምንም ሳይቀንስ ሁሉንም ነገራት፤ እጄን ቁረጡት ማለቱንም አልዘለለም። እሷ ወደ እሱ አላየችም። ሰፌዱን አስቀምጣ ባሏን አየችው።

«ታዲያ ለምን ረሳሁ አልከኝ?»

«ስለምትጠይቂኝ» አለ ለይኩን።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዋሴ ሽማግሌዎቹን ለእሁድ እንደሚሰበስብ፣ ለይኩን በማለበት በዚያው ደጃፍ ቆሞ እንደሚናገር ተናገረ። ብረቱን ሊያነሳ ሲል «ይተዉት፣ እዚሁ ይሁን» አለችው።

እሁድ ማርያም ደጃፍ ተናገረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ አንዳንድ ደንበኛም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አቶ ፈረደ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው አዘኑ፣ በመጨረሻ «ልጁን መልሱልኝ» ብለው የትራክተራቸውን ቁልፍ ላኩ።

ለይኩን ከሚስቱ ጋር ኮኪት የተመለሰ ዕለት ጠዋት ዋሴም እዚያ ነበር። ለይኩን የዘይቱን መለኪያ አወጣ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ አስገባ፣ መልሶ አወጣ። ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ቁልፉን ግን አላዞረም።

«አይናዲስ» ብሎ ተጣራ፤ «ነይ እስቲ አንቺም እዪልኝ።»

መጥታ አየች። «ሙሉ ነው» አለችው። ለይኩን መለኪያውን ጠርጎ እንደገና አስገባና አወጣው፤ መልሶም አሳያት።