የጆሮዬ ደጋሊት

«እህል ጆሮ ላይ አይንጠለጠልም» ያለኝ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ጎረቤት ብሎኛል፣ አክስቴ ብላኛለች፣ ከመስጊድ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው የመከሩኝ ሽማግሌም አሉ። ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ። «ይኸው ተንጠለጠለ!» እልና ጉትቻዬ እስኪወዛወዝ ድረስ ጭንቅላቴን እነቀንቅላቸዋለሁ።

ሥራዬ የጆሮና የአንገት ጌጥ ነው። የምሠራውም ቆቦ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ከጓዳ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ሁለት ጠርሙስ አለኝ፤ አንዱ ሬዚን የሚሉት እንደ ማር የሚዝለገለግ ፈሳሽ፣ ሌላው ማጠንከሪያው። ሁለቱን ለክቼ አማስልና እንደ ጎማ በሚለጠጥ የሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ አፈሳለሁ፤ መሃሉ ላይ የፈለግሁትን እከትበታለሁ። በማግስቱ ደርቆ፣ እንደ መስታወት ጠርቶ ይወጣል። ዲግሪ ይዤ ዓመት ከዓመት ሥራ ፈልጌ ሳጣ ከስልክ ላይ አይቼ የተማርኩት ነው። «ተምራ ተምራ ብልቃጥ ታማስላለች» ተባልኩ። ይባል! ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ከማረጅ ብልቃጥ ማማሰል ይሻለኛል።

ስልክ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች ግን ቆቦን አያውቋትም። «በክፍሉ ሙቀት ይቀመጥ» ይላሉ። የማን ክፍል? መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሙሉ ኩባያ በጠራራው፣ ቆርቆሮው በሚንጣጣበት ሰዓት አማሰልኩና እጄ ላይ ፈላ። ወላሂ ጨሰ! ኩባያው ተጣመመ፣ ማማሰያው ውስጡ እንደተተከለ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ሬዚንን ስላላዩ ነው። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ከበር ላይ፣ «ባልም ሥራም ይቅርብሽ፣ ጣሪያውን ብቻ ተይልን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ አየሩ ሳይግል፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ኩባያውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሜ ነው የማማስለው። ይሄን ማንም አላስተማረኝም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ምን ልክተትበት የሚለው ነበር። ሌሎች ከውጭ የመጣ የደረቀ አበባና የወርቅ ብናኝ ይከታሉ። እኔ የራያ ልጅ ነኝ፤ ከማሽላ ሌላ ምን አለኝ? ታዲያ ራያ ውስጥ ያደገ ሰው ማሽላ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው እሸት ነውና፣ እኔም ገና ወተቱ ያልደረቀ እሸት ፈልፍዬ ከተትኩበት። እሰይ፣ እንዴት ያምር ነበር! በሁለተኛው ሳምንት ጠቆረ። እርጥበቱ ታፍኖ ውስጡ በሰበሰ፤ ለጓደኛዬ የሰጠኋት ሐብል የሞተ ዝንብ የታሰረበት ይመስል ነበር። ደረቅ እህል እንደሚያስፈልገኝ ያኔ ገባኝ። የገበያውን ብሞክር ነቀዝ የበሳው ሆነብኝ። በሬዚን ውስጥ ደግሞ ቀዳዳ አይደበቅም።

አንድ ቀን ማድቤት ቁጭ ብዬ ሽቅብ ሳይ፣ ከምድጃው በላይ፣ ጣሪያው ላይ የተሰቀለችው ዛላ አለች።

ያቺ ዛላ የአባቴ ናት። ደጋሊት የሚባለው የድሮው ማሽላ ዘር ናት። እኛ አገር ለዘር የተመረጠ የማሽላ ዛላ ጎተራ አይገባም፤ ነቀዝ እንዳይደርስበት ምድጃ ላይ ይሰቀላል፣ ጭሱ ይጠብቀዋል። ደጋሊት በሚያዝያ ዝናብ ተዘርቶ ኅዳር ላይ ነው የሚደርሰው። የሚያዝያ ዝናብ መቅረት ሲያበዛ ሰዉ ሁሉ በክረምት ወደሚዘራው አጭሩ ነጭ ዘር ዞረ። አባቴም ዞሩ። ዛላዋን ግን አላወረዷትም። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ ሰማዩን ያዩና፣ «ዘንድሮም አይደለም፣ አላህ ያውቃል» ብለው ይተዋታል። ለአባቴ ያቺ ዛላ ምን እንደሆነች ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሌላ ደጋሊት አልነበራቸውም።

ወንበር ላይ ወጣሁና ከጀርባዋ በኩል ሁለት ፍሬ ነቀልኩ። ጥቀርሻውን በጨርቅ ስጠርገው ከሥሩ የማር ቢጫ ወጣ። ነቀዝ የለው፣ እርጥበት የለው! ሬዚን ውስጥ ስከተው አበራ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወንበሩ ላይ ነኝ። ሁልጊዜም የምነቅለው ወደ ግድግዳው ከዞረው ጎን ነበር፤ ከፊት ለሚያያት ዛላዋ እንደ ሙሽራ ሙሉ ናት። የተረሳች መስሎኝ ነው እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። ብጠይቃቸው እንቢ እንደሚሉኝ አውቅ ስለነበር ነው ያልጠየቅሁት።

ጉትቻው ተወደደ። ለሰርግ የሚያዙኝ ሴቶች መጡ። ሰው ሲጠይቀኝ «ማሽላ ነው» እላለሁ፤ የማን ማሽላ እንደሆነ አልናገርም።

እናም በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ዘነበ። ሳያቋርጥ ሦስት ቀን። አባቴ ከሶላት መልስ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማድቤት ገቡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ዛላዋን አወረዱ፣ ገለበጧት። ጀርባዋ ራሰ በራ ነበር።

ጆሮዬን አዩ፣ ዛላዋን አዩ። የቀረውን የፊት ፍሬ በመዳፋቸው ፈለፈሉት፤ እፍኝ አይሞላም። «ከእንግዲህ ምን ይረባኛል!» አሉና ግቢ ወጥተው ለዶሮዎቹ በተኑት። እናቴ «ኧረ በአላህ!» ብላ ስትደርስ ዶሮዎቹ ጨርሰዋል። አባቴም ባዶ እጃቸውን እያዩ ቆመው ቀሩ፤ ንዴታቸው ያስደረጋቸውን ያኔ ያወቁት ይመስለኛል። ወደ እናቴ ዞረው፣ «ያ ጠርሙስ ከቤቴ ይውጣ» አሉ።

አልወጣም። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ጥፋቴንም ለማንም አላካፍልም፤ ዶሮዎቹ የበሉት እኔ ካስቀረሁት ላይ ነው። ግን ያጠፋው ስርቆቴ እንጂ ሥራዬ አልነበረም፤ ጠርሙሱ ምን አደረገ? በማግስቱ ደጋሊት ፍለጋ ልሄድ ስነሳ እናቴ፣ «አፈር ስሆን፣ ያንን ነገር ከጆሮሽ አውልቂና ሂጂ» አለችኝ።

«ካወለቅሁትማ ምን እንደምፈልግ በምን አሳያለሁ?» አልኳትና ወጣሁ።

ሮቢት ሄድኩ፣ የለም። ጎብዬ በገበያ ቀን ሄድኩ፤ ከየቀበሌው የመጣውን ገበሬ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። «ደጋሊት? እሱማ ከአያቶቻችን ጋር ሄደ» ብሎ የሳቀብኝ አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ልጄ፣ ዘር የሚፈለገው እያለ ነው» ብሎ አንገቴን አስደፋኝ። አንዲት ሴት ጭራሽ የጉትቻውን ዋጋ ጠየቀችኝ። ቀኑ ይሄዳል፣ ዝናቡ ያባራል፣ አባቴ አያናግሩኝም።

ዋጃ የደረስኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከሚኒባስ ወርጄ መንገድ ዳር ቲማቲም ከምትሸጥ አሮጊት ፊት ጎንበስ ብዬ ልጠይቃት ስል፣ አፌን ሳልከፍት ጆሮዬን ያዘች። ያዘች ስል፣ እንደ ሌባ ጆሮ ጎትታ!

«አንቺ! ይሄ ደጋሊት አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እማማ» አልኳት ጎንበስ እንዳልኩ።

«እና ምን ቆርጦሽ ብልቃጥ ውስጥ ከተትሽው?»

ነገርኳት። መንገድ ዳር፣ አቧራው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ወንበሩን፣ ግድግዳውን፣ ዶሮዎቹን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። «አባትሽን ከነዶሮው ይማርልኝ!» አለችና ቲማቲሙን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄደች። ከምድጃዋ በላይ፣ በጥቀርሻ የጠቆረች አንዲት ዛላ ተሰቅላለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የሚዘራት አጥታ ነው። አንድ እፍኝ ፈልፍላ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝና እጇን ዘረጋች። «አንዱን ጉትቻ አውልቂ። ዘሬን ከሰጠሁሽ እኔም የማየው ይኑረኝ።» የግራውን አውልቄ ሰጠኋት። እዚያው ጆሮዋ ላይ አንጠለጠለችው። እህል ጆሮ ላይ አይንጠለጠልም ያላችሁ፣ ዋጃ ሄዳችሁ እሷን ተናገሯት!

ቆቦ ስመለስ ግን ዝናቡ ጨርሶ ቀርቶ ነበር፤ ማሳው ተሰነጣጥቋል። ቋጠሮውን አባቴ ፊት ፈታሁት። አንዷን ፍሬ አንስተው በጣታቸው አገላበጧት፤ ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። ከብዙ ቀን በኋላ ያናገሩኝ ያኔ ነው።

«ጊዜው አለፈ» አሉ። «ወስደሽ ያንን ውሃሽን አፍስሺበት። ቢያንስ ነቀዝ አይበላውም፤ ልጆች ደጋሊት እንዲህ ነበር ብለው ያያሉ።»

ይሄን ቃል ከእሳቸው አፍ ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር! ሲመጣ ግን ደሜ ፈላ።

«አላፈስበትም አባዬ። ቢቆጡም ይቆጡ። ከሬዚን ውስጥ የገባ አይበቅልም፤ ይሄ ገና አልሞተም። እርስዎ ካልዘሩት እኔ እዘራዋለሁ!»

ዘራሁትም። ግቢያችን ውስጥ፣ አጥሩን ተከትዬ፣ በመዶሻ እጀታ ጉድጓድ እየበሳሁ። ጠዋት ሬዚኔን ካፈሰስኩ በኋላ ኩባያው የቆመበትን ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ የጎደለውን በጀሪካን እቀዳለሁ። «ማሽላ በጀሪካን!» ብሎ ሰፈሩ ሳቀብኝ። በሬዚኔ ሳቁብኝ፣ በማሽላዬ ሳቁብኝ፤ ለምጄዋለሁ። ደጋሊቱ ክረምቱን ጠጥቶ ከአጥሩ በላይ ሲሄድ ሳቁ ቀነሰ።

ዛላ ሲያወጣ ግሪሳ መጣ። የራስ መሸፈኛዎቼን አምጥቼ ዛላዎቹን አንድ በአንድ ሸፈንኳቸው፤ ለሁሉም አልበቃም። በማግስቱ ለሱብሂ ስነሳ ግቢው ውስጥ ጅራፍ ሲጮህ ሰማሁ። አባቴ ናቸው፣ በባዶ እግራቸው፣ ወፍ ያባርራሉ። እናቴ በመስኮት እያየች አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ ገብቼ ኩባያዬን ውሃ ውስጥ አቆምኩ።

ኅዳር ላይ አባቴ ራሳቸው አጨዱት። ዛላዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው እየመዘኑ ለዘር የሚሆኑትን ለዩ፣ ወንበሩ ላይ ወጥተው ከምድጃው በላይ ሰቀሉ። እኔ ከሥር እያቀበልኳቸው ነበር። የመጨረሻዋን ከሌሎቹ ራቅ አድርገው፣ እጄ በሚደርስበት፣ ዝቅ አድርገው አሰሯት። ወርደው እጃቸውን አራገፉና በቀኝ ጆሮዬ ላይ የቀረችውን ጉትቻ አዩ።

«ከዚችኛዋ ስትወስጂ» አሉ፣ «ከፊት ለፊት ውሰጂ።»