የሊቀመንበሩ ጆንያ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የቀበሌያችን ቦክሰኛ ነበርኩ። ጓንቱ ለሁለት ሰው እንጂ ለሁላችን ስለማይበቃ አሰልጣኛችን አብዛኛውን ጊዜ በዙር ያሠራን ነበር። ቀበሌው ግቢ ውስጥ የጭነት መኪና ጎማ እንገለብጣለን፣ ከዚያ ፑሽ አፕ፣ ከዚያ ገመድ ዝላይ፣ ከዚያ አሸዋ የሞላ ጆንያ ተሸክመን ቁጭ ብድግ። በመሃል እረፍት የለም።

አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡን እንደታጠቀ መጣና ኮቱን አወለቀ።

"እኔም እሠራለሁ። መሪ ከሰፊው ሕዝብ አይለይም!"

አሰልጣኛችን ደነገጠ። የሰውየው ሆድ ቀበቶውን አልፎ ወርዷል፤ ወገቡ ቢቀጭ ማን እንደሚጠየቅ የታወቀ ነው። "እርስዎማ ለብቻ የተዘጋጀ ጆንያ አለዎት" ብሎ መጋዘን ገባ። ጭድ ጠቅጥቆበት፣ ከባድ እንዲመስል እያቃሰተ እየጎተተ አወጣው።

ሊቀመንበሩ ከራሱ በላይ አነሳው። "ይሄ ነው እንዲህ የሚያስለከልካችሁ?"

ገመድ የሚዘለው ጓደኛችን ሳቁ አሸንፎት ተጠልፎ ወደቀ። ሊቀመንበሩ አዘነለት። "ይሄ ልጅ ቤቱ አይበላም እንዴ?"

ከዚያ ወዲህ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ጀመር። ለውድድር ዝዋይ ስንወርድ፣ ገበያ ላይ ወዛደሮች ሽንኩርት ሲጭኑ አየ። "ዞር በሉ!" ብሎ አንዱን ጆንያ አቅፎ ተነሳ፤ ማለቴ ሊነሳ ሞከረ። ጆንያው ንቅንቅ አላለም። የሸሚዙ ቁልፍ ግን ተበጥሶ በረረ።

"ዲሳ! ይተዉት ጌታዬ፣ ሽንኩርቴን ያፈሱብኛል!" ብላ ነጋዴዋ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለች ጮኸች።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አሰልጣኛችንን ትክ ብሎ አየው።

"የዝዋይ ሽንኩርት ውሃ ያበዛል መሰለኝ" አለ በመጨረሻ።

"ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ አሰልጣኛችን ፍንክች ሳይል።

በዚያ ውድድር ተሸነፍን። በሳምንቱ እሑድ ሊቀመንበሩ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። "ከእንግዲህ ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ" አለ። ጥላ ሥር ተቀምጦ ብርቱካኑን እየላጠ ፊሽካውን መንፋት "ይረሳል"፤ እኛ ነፍሳችን እስክትወጣ እንዞራለን። ሌላ ዙር፣ ደግሞ ሌላ ዙር!

የዝዋይ ልጆች በተራቸው እኛ ጋ ሲመጡ፣ የኔ ተጋጣሚ በሦስተኛው ራውንድ እጁን ማንሳት አቃተው። እኔ ገና እዘል ነበር። አሸንፌ እንደወረድኩ አሰልጣኛችንን ላመሰግን ሮጥኩ።

"ወደኔ ምን አመጣህ?" አለኝ በሹክሹክታ። "ሂድና የተበቀለንን ሰውዬ አመስግን።"