ግራካሶ ላይ የቀደመን ሰው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ትንንሹን ስዘረዝር፣ ይቺን ሆድ ይፍጃት ብዬ ዘልያታለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ እግዜር ይፍታህ እንድትሉኝ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ያኔ ላንድሮቨር የያዘ ሰው እንዴት ልቡ እንደሚያብጥ አትጠይቁኝ። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን የመንግሥትን ናፍጣ ሞልቼ፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ የመጣውን የአክስቴን ልጅ ሐሸንጌ ሐይቅን ላሳየው አንድ እሑድ ጠዋት ተነሣሁ። ዋጃን አለፍን፣ አላማጣን አለፍን፣ ግራካሶ ተራራ ሥር ደረስን።

ግራካሶ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። መኪናው ዞሮ እስኪመጣ፣ በአቋራጭ ቀጥ ብሎ የወጣ እግረኛ ላይኛው ኩርባ ላይ ሊጠብቀው ይችላል።

እዚያ ሥር አንድ የዋጃ ገበሬ ልጁን አዝሎ እጁን ዘረጋ። ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ በአላህ! ዘሀራን ኮረም ሐኪም ቤት አድርስልኝ። ቦታ ከሌለህ እኔ በእግሬ እመጣለሁ፣ እሷን ብቻ።»

አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በአባቷ ትከሻ ላይ እጇን ሰድዳ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ይፋጅ ነበር። እንግዲህ አላወቅኩም ልል አልችልም።

ታዲያ ምን አልኩት? «ላይ ካሉት ኩርባዎች ባንዱ ከቀደምከን እንጭንሃለን።»

ሐሳቡ የአክስቴ ልጅ ነው ብል ደስ ባለኝ። የኔ ነው። እንግዳዬን ላስቅ ብዬ ነው። ወይ ጥጋብ! መንገደኛ መጫን ክልክል ነበር ልበል? ክልክልስ ነበር። በመንግሥት መኪና ሽርሽር መሄድስ ማን ፈቅዶልኝ ነበር?

ሰውየው እውነት መሰለው። ልጁን በፎጣው ጠበቅ አድርጎ አሰረና ዳገቱን ተያያዘው። መጀመሪያው ኩርባ ላይ እኛ ቀደምን፤ ጡሩምባ ነፍቼ «በርታ!» አልኩት፣ የአክስቴ ልጅ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ላይ ለጥቂት አመለጥነው። ሦስተኛው ላይ ግን ቀድሞን ቆሟል። ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ፈገግ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁት። ልጁን ሊያስገባት ከጀርባው አወረዳት። ፍሬን ያዝ አደረግኩ፤ እጁ በሩን ሲነካ ነዳጅ ሰጠሁ። በመስታወት ሳየው ዘሀራን እንደታቀፈ መንገዱ መሀል ቆሞ ነበር። ሳቅኩ። እኔ፣ እኔው ነኝ የሳቅኩት።

ኮረም ገብተን ሻይ ጠጣን። ሐኪም ቤቱን በበሩ ነው ያለፍኩት። ሐሸንጌ ደረስን፤ ሐይቁ ያምር ነበር፤ በላን፣ ፎቶ ተነሣን።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ ከዚያ ከሦስተኛው ኩርባ ትንሽ ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። እሱ ግን መውጣቱን አልተወም ነበር። ዘሀራ ጭኑ ላይ ናት፤ ፎጣውን ፊቷ ላይ አልብሷታል።

ወርጄ በሩን ከፈትኩ። ጠዋት አንተ ያልኩትን ሰው አንቱ አልኩት። «ይግቡ፣ ዋጃ ድረስ ላድርስዎ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልሰደበኝም፣ አልረገመኝም።

«መኪና የቸገረኝ ለአቀበቱ ነበር» አለ። «ቁልቁለቱን እኔው አወርዳታለሁ።»

ታቅፏት ተነሣና በመጣበት አቋራጭ ወረደ።

ብትደርስ ትተርፍ ነበር? አላውቅም። አላውቅም ማለቱም መሸሸጊያ ነው፤ አልሸሸግበትም። ማሩኝም አልላችሁም፤ ሊምረኝ የሚችለውን ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ውርርዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ቀድሞኝ ነበር።