የሞተው የማን ወታደር ነው?

የታሰርኩት በመጥፎ ግጥም ነው። ይህን ለመጻፍ ጊዜ የወሰደብኝ ስለ እስሩ ማውራት ከብዶኝ ሳይሆን ስለ ግጥሙ አፍሬ ነው። ሌላው ሰው በንግግሩ ይታሰራል፣ በሰልፉ ይታሰራል። እኔ የአማርኛ መምህሩ በወላጆች ቀን ባነበብኳት፣ ተማሪ ጽፎ ቢያመጣልኝ ከአሥር ከአራት በላይ በማልሰጣት ግጥም ታሰርኩ።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩን አንኳኩተው «መምህር፣ ለአንድ ደቂቃ» አሉኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ያቺ አንድ ደቂቃ ስድስት ሳምንት ሆነች። መኪና አጥተው ይሁን ወይም ቸኩለው፣ ባጃጅ ውስጥ መሃላቸው አስቀምጠው ወሰዱኝ። የአምቦ ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ ሦስት አዋቂ ተጠባብቆ ወዴት ይሄዳል ብሎ ሳይስቅ አልቀረም።

የታሰርኩበት ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ነው፤ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቢቆይም ሽታው አልወጣም፤ ሲገቡ ዓይን ያቃጥላል። ባዶዎቹን ከረጢቶች አንጥፈን እንተኛባቸው ነበር። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እንደ አዲስ ገቢ ደንቡ በሩ አጠገብ፣ ከሽንት ባልዲው ጎን መደበኝ። ጎረቤቴ ከካቺሲ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ሆኑ። ሁላችንም «ኦቦ» እንላቸው ነበር፤ ስማቸውን እዚህ አላነሳም።

ባለቤቴ ከወለደች ገና አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ወንድ ልጅ ነው፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። ሌላ ነገር አላሳሰበኝም፤ ለዚያች ቀን መድረስ ብቻ ነበር የምፈልገው።

መርማሪው ወጣትና ጨዋ ነው፤ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ቢሰድበኝ እኔም የምለው አላጣም ነበር። በሃያኛው ቀን ገደማ ለሦስተኛ ጊዜ አስጠራኝ። ግጥሜ በኮምፒውተር ተጽፋ፣ ማኅተም ተመቶባት፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ልጇ በጦርነት ስለሞተባት እናት ናት፤ እንዲህ ነበር የምትጀምረው፦

ሰማይ ደም ለበሰ፣ ምድር ተናወጠች፣
እናት እንደ ሻማ ቀስ ብላ ቀለጠች።

«ይሄ የሞተው ልጅ የት ግንባር ነው የሞተው?» አለኝ።

«ግንባር አልጠቀስኩም።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት። ለምን አልጠቀሱም?»

«ግጥም ነዋ።»

ይህን በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«እሺ፣ የሞተው የማን ወታደር ነው?»

«የእናቱ ልጅ ነው።»

«መምህር፣ እባክዎ። የመንግሥት ወታደር ከሆነ ጀግና ነው፤ ለጀግና ደግሞ እንዲህ አይለቀስም። የወዲያኞቹ ከሆነ ለጠላት እያለቀሱ ነው። ከሁለቱ አንዱን መሆን አለበት።»

ይህን ልጅ ግጥም ያስተማረው የትኛው ባልደረባዬ ይሆን ብዬ በሆዴ ረገምኩት። መርማሪው ግን ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋና እስክሪብቶ ደረበበት። «አንድ መስመር ይጨምሩ። የማን እንደሆነ የምትናገር አንድ መስመር። ያን ዕለት ቤትዎ ይገባሉ። ሳምንት ይበቃዎታል።»

እውነቱን ልናገር፤ ልጨምር ነበር። አንድ መስመር አሥራ ሁለት ቀለም ናት፤ ከልጄ ክርስትና አትበልጥም። ወደ ክፍሉ ስመለስ ካቦው ወረቀቱን አይቶ እንዳነብላቸው ጠየቀኝ፤ አነበብኩ። «አሪፍ ነው» አለና ወደ ዳማው ተመለሰ። ኦቦ ግን ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት።

«በርሲሳ» አሉኝ በመጨረሻ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። «ቆንጆ ነው። ግን እዚህ ውስጥ የሞተ ሰው የለም።»

ደሜ ፈላ። መርማሪው ሬሳው የማን ነው ይለኛል፣ እሳቸው ደግሞ ሬሳ የለም ይሉኛል። «እንዴት የለም፣ ኦቦ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሞት ነው እኮ።»

«ሰማይ ደም አይለብስም። እናትም እንደ ሻማ አትቀልጥም። ሥራ አለባት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ቀን አላናገርኳቸውም። በማግስቱ ግን ከረጢታቸውን ወደ እኔ አስጠግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። በሰፈራቸው ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር፤ ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን እዚያ ወጥተው ሳሉ የልጃቸው ጓደኛ ደወለ። ልጁ ወደ ጦርነቱ ከሄደ ቆይቷል። ጓደኛው «አባባ፣ ከእንግዲህ አይጠብቁት» አላቸው፤ ስልኩም ተቋረጠ።

«ወርጄ ለእናቱ ምን ልበላት? መርዶ እኮ ሐዘንተኛ አይናገረውም። ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ነው የሚናገረው፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ተዘጋጅቶ። እኛ መንደር ያኔ ሽማግሌ የት አለ? ግማሹ ሸሽቷል፣ ግማሹ ታስሯል። ዝም አልኩ።»

ሦስት ወር ዝም አሉ። በዚህ መሃል ልጁ ያሳደጋትን ጊደር ሊገዛ ነጋዴ መጣ። እናቲቱ «ባለቤቷ ሲመጣ ይሸጣት» ብላ መለሰችው። ኦቦ ይህን ሲሰሙ ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ በረት ገቡ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው፣ ኮረብታ ላይ እየወጡ ጫካ ካሉት ጋር በስልክ ያወራሉ ብሎ ጠቆመባቸውና ታሰሩ። ማን እንደደወለላቸው ተጠይቀው አልተናገሩም።

«ለምን አይነግሯቸውም? ይፈቱዎት ነበር እኮ!»

«ብነግራቸው ወረቀት ላይ ይጽፉታል። ከተጻፈ ወሬው ካቺሲ ገበያ ይደርሳል። እሷ ጨው ስትገዛ ትስማው?»

ዝም ብል ጥሩ ነበር። አፌ ግን አላረፈም። «ልጅዎ ግን በየትኛው ወገን ነበር?» አልኳቸው።

ኦቦ ከረጢታቸውን መልሰው አራቁ። «አንተም ትጠይቀኛለህ?» አሉ።

ከመርማሪው ፊት ሦስት ጊዜ ተቀምጬ አንድም ጊዜ አላፈርኩም። ያኔ ግን አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

በማግስቱ ግጥሙን እንደገና ልሥራው ብዬ ፈቃዳቸውን ለመንኩ፤ በቃሌ ብቻ፣ ስም ሳልጠራ። እሺ አሉ፤ እሺታቸው ግን ከተቃውሟቸው አላዳነኝም። አባትየውን ኮረብታ ላይ አስለቀስኩት። «ማን አለቀሰ? ኔትወርኩ ሳይቆረጥ ልስማ ብዬ ዝም ነው ያልኩት» አሉ። እናቲቱ እንጉርጉሮ ታሰማ አልኩ። «አልሰማችም እያልኩህ ምን ታንጎራጉራለች? ማሎ፣ እባክህን በርሲሳ፣ ሰው ስማ እንጂ።» ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያስቸገረኝ አራሚ አላጋጠመኝም። በአምስተኛው ቀን ይህ ቀረ፦

ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣
አንዲት ቃል ሰማና ወረደ አፉን ዘግቶ።
ጊደሯን ሊገዛ ነጋዴ ቢመጣ፣
«ትቆይ» አለች እናት፣ «ባለቤቷ ይምጣ»።
እሱ ወደ በረት፣ እሷ ወደ ማጀት፣
ሁለት ሰው ይኖራል አንድ ሞት ባለበት ቤት።

የመጨረሻዋን መስመር ስላቸው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ከጋቢው ሥር ሆነው «እሱ ይሁን» አሉ።

መርማሪው ዘንድ ስቀርብ ይህን አልሰጠሁትም፤ የእኔ አልነበረም። የሰጠሁት ማኅተም ያለባትን የድሮዋን ነው። ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ሰርዣት፣ ከጎኗ «አራት ከአሥር። እንደገና ይሠራ» ብዬ ፈርሜባታለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርማት።»

«መስመሩስ?»

«ግጥሙ ራሱ ወደቀ። መስመሩን የት ልጨምረው?»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። እሱም ታክቶት ነበር መሰለኝ። «መምህር፣ የልጅዎ ክርስትና እሁድ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ነው» አልኩት። ጠባቂው ጠርቶኝ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

እሁድ ከሰዓት ባለቤቴ የክርስትናውን ድፎ ዳቦ ላከች። ጠባቂው መሃሉን በካራ ወግቶ ፈተሸና አስገባው፤ ለአሥራ አንድ ቆረስነው። ልጄ ማን ተብሎ እንደተጠመቀ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

የተፈታነው ሁላችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ ክስ ሳይመሠርቱ አስረውን ለምን እንደፈቱንም አልነገሩንም። ኦቦ ቀድመው ሲወጡ እጄን ይዘው «መርዶ ነጋሪ አንሶኛል። ስትፈታ ትመጣለህ?» አሉኝ። እመጣለሁ አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሕፃኑ ነበር፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ነበር፣ ደሞዝ የማስለቀቅ ጣጣ ነበር። ሳምንት አለፈ።

ባለቤቴ ደግሞ አኩርፋ ነበር። «ለአንድ መስመር ብለህ ነው ልጅህን ክርስትና ሳታስነሳ የቀረኸው?» ትለኛለች።  ግጥሙን አልኩላት። ጡት እያጠባች ሰማችኝ፤ ሳበቃ ቀና ብላ «እናቲቱስ? ማን ነገራት?» አለችኝ።

«ገና ነው። እኔን እየጠበቁ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

በማግስቱ የካቺሲን አውቶቡስ ያዝኩ። እዚያው አድሬ ጎህ ሲቀድ አራት ሆነን ኦቦ ቤት ገባን፤ ሦስቱ ከእስርና ከሽሽት የተመለሱ የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ኦቦ ምንም እንደማያውቅ ሰው ከባለቤታቸው ጎን መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሦስቱ በዕድሜ የገፋው ሽማግሌ በኦሮምኛ ተናገረ፤ አጭር ነበር። ሴትየዋ ተነሥታ ቆመች። እኛን አላየችም፤ ባሏን ነው ያየችው።

አሁንም አስተምራለሁ። የጦርነት ግጥም ጥቅሙ ምንድን ነው ብለው ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፤ ፈተና ላይ ይመጣል ብለው ነው። የመጽሐፉን መልስ አጽፋቸዋለሁ፣ ፈተናው የሚፈልገው እሱን ነው። ያን ጠዋት ያን ግጥም በቃሌ እያወቅሁት አንዲት መስመሩ እንኳ እንዳልመጣችልኝ፣ ሴትየዋ ስትወድቅ ቀኝ ክንዷን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩና በጣም እንደከበደችኝ ግን አልነገርኳቸውም።