ከፈተናው በኋላ ይነገራት

የእህቴን ሞት የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው፤ አቃቂ፣ አንድ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ለሠራተኛ ቱታ እያደልኩ። የደወለው ታላቅ ወንድማችን ነበር፣ ከጎጃም። ቀብሩ አልፏል። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክም አልሠራ ብሎ፣ እሱ ከተማ ወጥቶ እስኪደውል ቀናት ሄደዋል።

«አደራ» አለኝ፣ «ልጅቷ እንዳትሰማ። ከፈተናው በኋላ ይነገራት።»

ልጅቷ የሟቿ እህቴ ልጅ ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍልን እዚህ እንድትጨርስ ብላ እናቷ ወደ እኔ ከላከቻት ዓመት ሊሞላ ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። አባቷን አታስታውሰውም፤ ያለቻት እናቷ ነበረች።

በእኛ ወግ መርዶ እንደተገኘ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ የሚነገረው ሰው ቢወድቅ የሚደግፈው እጅ መኖር አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ መንገደኛ ከሆነ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ ከሆነ ደግሞ ይቆይለታል። ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ወንድሜን «እሺ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለመጣው ሁሉ በልኩ ቱታ ሰጠሁ፤ አንዱንም አልተሳሳትኩም።

ጥቁር መልበስ ግን ነበረብኝ። መላ ያመጣችልኝ ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት። ስኳር ልገዛ ገብቼ የምገዛው ጠፍቶኝ ስቆም ፊቴን አይታ ሁሉንም አወጣጣችኝ።

«በይ ጥቁሩን እኔ ጋ አስቀምጪው» አለች። «ጠዋት ስትወርጂ ትለብሺዋለሽ፣ ማታ ስትመለሺ ታወልቂዋለሽ። ከለስላሳው ሳጥን ኋላ ማን ያየዋል?»

«ደንበኛ ቢያይብሽስ?»

«የኔ ደንበኛ የሚያየው ሚዛኑን ነው። እሱንም እያኮረፈ።»

እንደዚያው ሆነ። ጠዋት ሱቁ ውስጥ ጥቁሩን ቀሚስና ሻርፕ ለብሼ ሰርቪስ እሳፈራለሁ፤ ሥራ ቦታ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል። ማታ ግራጫ ሹራቤን ደርቤ ደረጃውን እወጣለሁ። ሐዘኔ እታች፣ ከሳሙናው መደርደሪያ አጠገብ ተጣጥፎ ይቀራል። አላለቀስኩም። መጀመሪያ ስለምደብቅ ነው ብዬ ነበር። በኋላ ሳሪስ አቦ ሄጄ፣ ጥግ ይዤ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ ቆምኩ፤ እዚያም እንባ አልመጣልኝም። ስሟን በጸሎት እንዲያስቡልኝ ስሰጥ ካህኑ «ምንሽ ናት?» አሉኝ። «እህቴ» ስል የሰው መልእክት የማደርስ መሰለኝ።

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው።

«ለቅሶ ማዘግየት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ ነው ልጄ» አሉ። «የሰኔ ጾም ገብቷል። ምላስሽንም አስጹሚው።»

ከዚያ በኋላ ቃል እየመረጥኩ ነበር የማወራው።

«እትዬ፣ እማዬ ደወለች?»

«ኔትወርክ የለም እኮ» እላለሁ። እውነት ነው፤ የለም።

«ጋሼ ሲደውል ስለሷ አልነገረሽም?»

«እሱም ተቻኩሎ ነው የሚዘጋው።» ይህም ስለ ወንድሜ እውነት ነው። ከዚያ ሽሮውን አማስላለሁ።

ብዙ አትጠይቅም። ስትመጣ እንዲህ ዝምተኛ አልነበረችም። ትምህርት ቤት አነጋገሯን ይቀልዱበት ነበር። «ምን ይሉሻል?» ብላት «ምንም፤ ያልኩትን መልሰው ይሉታል» አለችኝ፤ እንግዲህ አንድም ነገር ላለማለት ወሰነች መሰለኝ። በመጨረሻ አንዲት የክፍሏ ልጅ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ አዋሰቻት። ሒሳብ ስትሠራ ቆይታ በረንዳው ላይ፣ ልብስ ከተሰጣበት ሥር ቁጭ ብላ እሱን ታነባለች። እኔ ልብ ወለድ አልወድም።

«ፈተና ደርሶ የፈጠራ ወሬ?»

«ላርፍበት ነው እትዬ።»

«ማረፍ ከፈለግሽ ዳዊት አለልሽ።»

«ዳዊትም እኮ ግማሹን እያለቀሰ ነው» አለች። ሳልወድ ፈገግ አልኩ።

ለፈተናው የምትሄደው እሑድ ነበር። ተማሪዎቹን ተሰብስበው ወደሚፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ ይወስዳቸዋል። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለስንቋ በሶና ቆሎ ገዝቼ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ፌስታሉን ጥዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና አቀፍኳት።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

ቀና አለች። «ምኑን?»

መጽሐፉን ያየሁት ያኔ ነው። ጉልበቷ ሥር እንደተከፈተ ነበር።

«መጽሐፉ ነው እኮ» አለች፣ አፍራ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እናቷ ሞታባት ቀሚሷን ታቅፋ ስትተኛ... ሞኝ ነኝ።» ከዚያ እንደገና አየችኝ። እጄ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ላነሣው አልቻልኩም። «ማን ነገረሽ ያልሽኝ ምኑን ነው?»

እውነት የሆነ ሌላ መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌ የለ፣ ደጋፊ የለ፤ እታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«እናትሽ ዐርፋለች» አልኩ።

እንባዋ እዚያው ቆመ።

«መቼ?»

«ግንቦት ውስጥ።»

«አርባዋስ?»

«አልፏል።»

«ኔትወርክ የለም ስትይኝ...»

«አዎ።»

መጽሐፉን አነሣች። የደረሰችበትን ገጽ ጫፉን አጠፈችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ለጋሼ ልደውል። ሰው ይምጣልሽ።»

«ማንም አይምጣ» አለች። «ለፈተናው ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ። እንግዲያው ልፈተነው። እስክመለስ ማወቄን ለማንም እንዳትነግሪ።»

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዤላት ወረድን። ሱቁ ጋ ስንደርስ ባለሱቋ እኔን በግራጫው ሹራብ፣ ልጅቷን ከአጠገቤ አይታ ዓይኗን ሰበረች።

«የእትዬን ልብስ ስጪያት» አለቻት ልጅቷ። «አውቄያለሁ።»

እፊቷ ለበስኩት። የሻርፑን ጫፍ አስተካከለችልኝ።

«ሳሙና ሳሙና ይሸታል» አለች።

እሷ በሌለችበት መጽሐፉን አነሣሁት። ውስጡ ያለችው ልጅ እናቷ ከሞተች በኋላ ትምህርት ቤት ትደባደባለች፣ የሰጧትን ምግብ ትገፋለች፤ ሰው ሁሉ ባለጌ ይላታል። ምን እንደሆነች የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው። የእኔዋ ደግሞ ሳህኗን አጥባ፣ አልጋዋን አንጥፋ ነው የሄደችው። ገጹ የታጠፈበት ድረስ አነበብኩና ተውኩት። ከዚያ ማለፍ ሳይፈቀድልኝ የሰው ክፍል መግባት መሰለኝ።

በተመለሰች ማግስት ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ወንድሜ ሳሪስና ቃሊቲ ያሉትን የአገራችንን ሰዎች በስልክ አዘጋጅቶ ነበር። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ልጅቷ ማወቋን አንዳቸውም አያውቁም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው፣ ሰው ሟች መሆኑን፣ እግዚአብሔር የሰጠውን እሱ እንደሚወስድ፣ ረጋ ብለው ተናገሩ። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ሁለት ሴቶች ብትወድቅ ሊይዟት ግራና ቀኝ ቆመዋል። አልወደቀችም።

«ምነው፣ አልገባትም እንዴ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ደንዝዛ ነው፣ ተያት።»

እነሱ አለቀሱ። የመጡበት ነውና የየራሳቸውን ሙት እያነሡ በደንብ አለቀሱ። እኛ ሁለታችን ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ደርቀን ተቀመጥን። ጉልበቷ ጉልበቴን ነክቶ ነበር። ማናችን እንደተጠጋን አላውቅም።

ማምሻውን ሰው ሲቀንስ ብርጭቆ እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ የሰማሽውን በሰማሽበት ቀን ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሻለሁ።»

«ፈተና ቢኖርብኝም?»

«ቢኖርብሽም።»

አመንኩሽ አላለችኝም። ብርጭቆውን እንዲንጠፈጠፍ ደፋችው።

ስልኬ ጠራ፤ ወንድሜ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሱን ስልክ የማነሣው በረንዳ ወጥቼ፣ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ነበር። ሳላነሣው ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝና፣ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እህ፣ እንዴት ሆነች?» አለ። «አለቀሰች?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «አላለቀስኩም። ገና ነው።»