አሲድ የጠጣው ወንበር

ዛሬ ደሴ ላይ ከነወንበሬ ወደቅኩ።

የመኪናዬን ባትሪ ላስሞላ ባትሪ ጠጋኙ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ነው። የሚቀመጡበት የፋይበርግላስ ወንበር አሲድ ሲንጠባጠብበት ኖሮ ነጥቷል።

ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁና አፌ አላርፍ አለ።

«ሐጂ፣ አሲዱ ብቻውን ቶሎ አይሰብረውም፤ ክብደትም ብቻውን አይሰብረውም። ክብደቱ ስንጥቅ ይከፍትለታል፣ አሲዱ በዚያ ገብቶ የውስጡን የመስታወት ክር ይበላዋል። ይኸው ይዩት!» ብዬ ቁጭ አልኩበት።

ቋ አለና ለሁለት ተሰነጠቀ።

ሐጂ አንስተውኝ አቧራዬን እያራገፉ፣ «አብሽር መምህር» አሉ። «እኔ ወላሂ ስንት ዓመት ስቀመጥበት አንድም ቀን አላስተማርኩትም።»

(ትምህርቱ ግን ልክ ነበር፤ ይመዝገብልኝ።)

እናንተስ ልክ ሆናችሁ የወደቃችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ ቆሜ አነባለሁ።