እትዬ መዝገብ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ

ከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈትላት እትዬ መዝገብ የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ያን ጊዜ አራት ክፍልና አንድ የውሃ ቧንቧ ነው፤ አጥር እንኳ አልነበረውም። እሳቸው ስምንተኛን ጨርሰው፣ የሚቀጥሉበት አጥተው ቤት ከዋሉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የእጅ ጽሕፈታቸው ስለሚያምር የመጀመሪያው ርእሰ መምህር መዝገብ ቤት ቀጠሯቸው። ስልሳ ሁለቱን የመጀመሪያ ተማሪዎች የመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ርእሰ መምህሩ የራሳቸውንም ስም ጨምረው ከሰዓት በኋላ እንዲማሩ ቢመክሯቸው፣ «የዘንድሮው ይለፍና» አሉ። እናታቸው አልጋ ላይ ነበሩ።

አንዱ ዘንድሮ ሌላውን እየተካ እንደ ቀልድ አርባ ዓመት ሄደ። አራቱ ክፍል ስምንት ሆነ፤ ፎቅ ተሠራ፤ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ተጨመረ፤ ተማሪው ሲበዛ በፈረቃ መማር መጣ። እኔ ስማር በአንድ ክፍል ሰማንያ ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነን እንጋፋለን። የእሳቸው ቢሮ ግን ያው ባለ ፍርግርግ መስኮቱ ጠባብ ክፍል ነው። ማስረጃ ፈላጊ በመስኮቱ እጁን ይሰዳል፤ ወረቀቱን ሲያገኝ ይበራል። እሳቸው የሁላችንንም ስም እስከ አያታችን ያውቁታል፤ የእሳቸውን ግን የአባታቸውን ስም እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

እናታቸው ሞቱ። ወንድማቸው ልጆቹን ይዞ ሌላ ከተማ ገባ። ጡረታ ሲወጡ እኛ መምህራኑ አጨብጭበን ሸኘናቸው። ከዚያ ወዲያ፣ ጎረቤታቸው እንደነገረችኝ፣ ጠዋት ጠዋት ለባብሰው እስከ ግቢያቸው የውጭ በር ይሄዱና ይመለሱ ነበር።

በዓመቱ፣ ምዝገባ ሲጀመር፣ ወደዚያው መስኮት በውጭ በኩል መጡ። የተካቻቸው ወጣት የማንን ማስረጃ ፈልገው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ልመዘገብ ነው፤ ዘጠነኛ» አሉ።

ልጅቱ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬታቸውን ሲዘረጉላት ሳቋን ዋጠችው። ኮምፒዩተሩ የልደት ዘመናቸውን አልቀበል ስላለ በወረቀት ጻፈቻቸው።

እኔ እዚያው ሒሳብ አስተምር ነበርና ክፍሌ ደረሳቸው። የመጀመሪያው ቀን ሲገቡ ልጆቹ መምህር መስለዋቸው ብድግ አሉ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ኋላ ሄደው ተቀመጡ። ሌላው ዴስክ ሁሉ ሦስት ሦስት ነው፤ ከእሳቸው ጎን ግን የደፈረ የለም። ንቀት አይደለም፤ አፍረው ነው። በእረፍትም ግድግዳ ተደግፈው ብቻቸውን ይቆማሉ።

የመጀመሪያውን ፈተና ከሃያው አራት አገኙ። አሳዝነውኝ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«አራት ነው ያገኘሁት፣ መምህር» አሉኝ። እኔ መሬት መሬት ሳይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፦ «እዚህ ግቢ አርባ ዓመት ስኖር፣ ደወል ሲደወል የምገባበት ክፍል ኖሮኝ አያውቅም። እሱ ይበቃኛል፤ አትጨምርልኝ።»

አረምኩት።

ዘጠነኛን ከሰማንያ ስልሳ አንደኛ ወጥተው አለፉ። አሥረኛንም እንደዚያው እየተንገዳገዱ አለፉ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ናቸው። ዓይናቸው ሰሌዳውን አላሳይ ስላላቸው ወደ ፊተኛው ዴስክ መጥተዋል። ፊት መቀመጥ የሚወድ ልጅ ስለሌለ፣ እዚያም ብቻቸውን ናቸው።